ዱባው አልተሳሳተም

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ትንሽ ያመዋል፤ እሱ ግን ከሥራው አልቀረም።

ማክሰኞ ማታ ደውለህ «እማዬ፣ ይህን የዕፅዋት አናቶሚ ኮርስ ልተወው ነው» ስትለኝ ደንግጬ ብዙ ተናገርኩህ። ይቅር በለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የነገርከኝን በደንብ የሰማሁት። የጎረቤታችን ልጅ እሑድ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይህን ደብዳቤና አንድ ፌስታል ይዞልህ ይመጣል። ፌስታሉን ስትከፍት ቆሎው ሥር ያለውን እንጨት እንዳትጥለው።

ፈተናው ላይ ማይክሮስኮፑ ሥር የነበረው የዱባ ግንድ ነው አልከኝ። አንዱን ቫስኩላር ባንድል፣ ማለት ውሃና ምግብ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች እሽግ፣ ሳልና ክፍሎቹን ሰይም ተባልክ። አንተም ምግብ የሚያጓጉዘውን ፍሎየሙን ውሃ ከሚያወጣው ከዛይለሙ ውጪ፣ ወደ ቆዳው በኩል ብቻ አድርገህ ሳልክ፤ ደብተርህ ላይ ያለው እንደዚያ ነውና። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለህ «ከውስጥ በኩልም የሚመስል ነገር አይቼ ነበር፣ ግን የተሳሳትኩ መሰለኝ» አልከኝ።

አባቴ፣ አልተሳሳትክም። ዱባ በዛይለሙ በሁለቱም ወገን፣ በውጪም በውስጥም ፍሎየም አለው። ቅልም ኪያርም የእሱ ዘመዶች ስለሆኑ እንደዚያው ናቸው። ዱባን ለፈተና ማምጣታቸውም ለክፋት አይደለም፤ የፍሎየሙ ቱቦዎች ሰፋፊ ስለሆኑ እንደ ወንፊት የተበሳሳው ግድግዳቸው ከብዙ ተክሎች ይልቅ በእሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ያቃተህ ማየቱ አይደለም። አይተህ ስታበቃ ዓይንህን ትተህ ደብተርህን አመንክ።

እኔ ደግሞ የባሰ አድርጌአለሁ፤ እስካሁን አልነገርኩህም። በእኛ ጊዜ አንድ ማይክሮስኮፕ ለአሥራ አምስት ተማሪ ነበር። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ድንቅ ሕዋስ አገኘሁ፤ በኮምፓስ የተሣለች የምትመስል ክብ፣ ጠርዟ ወፍራምና ጥቁር። ደስ ብሎኝ በሹል እርሳስ ሳልኳት፣ ግድግዳው የወፈረ ጠንካራ ሕዋስ መስላኝ «ስክለረይድ» ብዬም ሰየምኳት። መምህራችን መጣና መሸፈኛ መስታወቱን በእርሳሱ ጫፍ ጫን አደረገው። ሕዋሴ ተንሸራታ ሄደች። የአየር አረፋ ነበረች! እስክንመረቅ ድረስ የክፍሌ ልጆች «አረፋ» ነበር የሚሉኝ። አባትህ እንዳይሰማ።

ቁራጩ እየወፈረ ስለማስቸገሩ የነገርከኝ ግን በእጅ የሚስተካከል ነው። ምላጩ አዲስ ይሁን፤ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን አትቀበል። ምላጩንም ግንዱንም ውሃ አስነካቸው። ሽንኩርት እንደሚከተፈው ወደ ታች አትጫን፤ ወደ ራስህ እየሳብክ በአንድ ትንፋሽ ቁረጥ። ቅጠል ብቻውን አይቆረጥም፤ ስለሚልፈሰፈስ ካሮት ሰንጥቀህ መሃሉ ካስገባኸው በኋላ ከነካሮቱ ቁረጠው። አንድ ሁለት ቆርጠህ አትቁም። ሃያ ሠላሳውን ሰሃን ውሃ ላይ ጣልና ብርሃን የምታሳልፈውን አንዷን በቀጭን ብሩሽ አንሣት። ሙሉ ክብ ካልሆነች ብለህ አትዘን፤ ከጠርዟ በኩል ሳስታ ያለቀችው ስባሪ ብዙ ጊዜ ከሙሉዋ ትሻላለች። ቀይ ማቅለሚያውን ሳፍራኒኑንም አታብዛው፤ የጠነከረው የዛይለም ግድግዳ ቀይ ሆኖ ከሌላው እንዲለይ ነው እንጂ ሁሉንም ለማቅላት አይደለም። መሸፈኛውን በአንድ ጎኑ አስነክተህ ቀስ ብለህ አስተኛው፤ አለበለዚያ የእናትህን ሕዋስ ታያለህ።

ስሞቹ አሰልቺ ናቸው ላልከው እስማማለሁ፤ ግን ዝም ብለህ አትሸምድዳቸው። ዛይለምና ፍሎየም የሚባሉትን ስሞች በ1858 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካርል ኔጌሊ የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው ነው። አንዱ በግሪክ «እንጨት»፣ ሌላው «ቅርፊት» ከሚለው የመጣ ነው። ተክሉን ደግፎ በሚያቆመው በስክለረንካይማ ስም ውስጥ ያለው «ስክለሮስ» ጠንካራ ማለት ነው። ለጋውን ግንድ የሚደግፈው ኮለንካይማስ? ከ«ኮላ» ነዋ! አባትህ ጣውላ የሚያጣብቅበት ኮላ ራሱ፤ ቃሉ ከግሪክ ወደ ጣሊያን፣ ከጣሊያን ወደ እኛ አናጢዎች መጥቶ ነው። የዱባህን ግንድ ጠርዝ ከቆዳው ሥር ተመልከት፤ የሕዋሶቹ ማዕዘን ማዕዘኑ ወፍሮ ኮላ የፈሰሰበት ይመስላል። ከዚህ በኋላ ብትረሳው ፍርዱ ያንተ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ ልምጣ። የከበደህ ስሙ ብቻ አይመስለኝም። ስፋትና ቁመት ብቻ ያለው ሥዕል ይዘህ ውፍረት ያለውን ነገር ለማሰብ ነው የምትታገለው። ይህን ለአባትህ ስነግረው ምንም ሳይል ወደ ሥራ ቤቱ ገብቶ ከዋንዛ ላይ አንድ ቁራጭ አወጣና በሦስት በኩል ላገው። «ይኸው በለው፤ አንድ እንጨት ነው፣ ሦስት ፊት አለው» አለኝ። አንደኛው ፊት ጫፉ ነው፤ ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በባዶ ዓይንህ ታያለህ፤ ውሃ የሚወጣባቸው ቬሰሎች ናቸው። ከልቡ ወደ ቅርፊቱ የሚሄዱት ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ ሬይ የምትሏቸው ናቸው። ሁለተኛው በልቡ በኩል የተሰነጠቀው ነው፤ እነዚያው መስመሮች አሁን ሰፋ ብለው እንደ ጥብጣብ ቁራጭ ያብለጨልጫሉ። ሦስተኛው በቅርፊቱ ጎን የተላገው ነው፤ መስመሮቹ አጥረው ሁለት ጫፋቸው ሾሎ ታገኛቸዋለህ። አገላብጠህ እየው። ስላይድ ሲሰጡህም መጀመሪያ «ይህ የትኛው ፊት ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ ስም ከዚያ ይመጣል።

ትንሿ ነጣ ያለች ቁራጭ ዝግባ ናት። በአጉሊ መነጽር ብትፈልግ እንደ ዋንዛው ያለ ቀዳዳ አታገኝባትም፤ ዝግባም ጽድም ቬሰል የላቸውም፣ ውሃቸው ትራኪድ በሚባሉት ጠባብ ሕዋሶች ነው የሚወጣው። አባትህ ይህን ከእኔ በፊት ያውቀው ኖሯል። ዋንዛን ስቱኮ ሳይሞሉ ቫርኒሽ ቢቀቡት ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል፣ ዝግባ ግን እንዲህ አያስቸግርም ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን እየነገረኝ ለካ አልሰማሁትም።

ሦስት ማዕዘኗን ደረቅ አገዳ መቼም ታውቃታለህ፤ ከጣና ዳር ያመጣኋት ደንገል ናት። ልጅ ሆነህ «ታንኳው ለምን አይሰምጥም?» እያልክ ታደርቀኝ ነበር። ውሃ አስነክተህ ቁረጣትና መልሱን ራስህ እየው፤ ነጩ ውስጧ በአየር ክፍተት የተሞላ ነው። እነዚያ ክፍተቶች ውሃ ሲገባባቸው ታንኳው ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ባለታንኳዎቹ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት። ቫስኩላር ባንድሎቿም እንደ ዱባው በክብ አልተሰለፉም፤ ተበታትነው ነው የምታገኛቸው።

«ይህ ሁሉ ምን ይሠራልኛል?» ላልከኝ አንዲት ሴት ልጥቀስልህ። ካትሪን ኤሳው ትባላለች፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር ተወለደች። ከሩሲያ አብዮት በኋላ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ጀርመን ተሰደደች፣ በ1922 አሜሪካ ገባች። እዚያ የተሰጣት ሥራ ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዝርያ ቅጠሉን ከሚያኮማትር በሽታ የሚያድን ዘር መፈለግ ነበር። በሽታው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ተክሉን እየቆረጠች ስታይ ጉዳቱን ፍሎየሙ ላይ አገኘችው፣ ዕድሜዋንም በዚያው ላይ ጨረሰች። የእኛንም አገር እንሰት አስብ። እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ከታወቀ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ብንቆጥር እንኳ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ገበሬው የታመመውን የሚለየው ቆርጦ ነው፤ ከተቆረጠው ላይ ቢጫ ፈሳሽ ሲወጣ ያያል። ፈሳሹ ከየትኛው ቱቦ እንደወጣ ማየት የሚችል ሰው ያስፈልገዋል።

ኮርሱን ለመተው ከወሰንክ ውሳኔው ያንተ ነው፤ አልጣላህም። ከመወሰንህ በፊት ግን ላብራቶሪው ክፍት በሆነ ቀን የጤፍና የስንዴ ቅጠል ጎን ለጎን ቁረጥና ተመልከት። በጤፉ በኩል ቅጠሉ ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ቫስኩላር ባንድል ዙሪያ ትልልቅ አረንጓዴ ሕዋሶች እንደ አበባ ጉንጉን ከበው ታያለህ፤ በስንዴው ላይ እንደዚያ አታገኛቸውም። መጽሐፉን ሳትከፍት ሳለውና በስልክ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።

ዋንዛውን ደግሞ አትጣለው፤ ስትጨርስ መልሰህ ላከው። የሰው በርጩማ እግር ኖሯል፤ ባለቤቱ ትናንት መጥቶ ሦስት እግር ብቻ ሲያገኝ አባትህ ምን እንደሚል ጠፍቶት «ልጄ እየተማረበት ነው» አለው።

እናትህ