የድሮ መኪናችሁን ግምት ዝቅ አታስደርጉ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የመድን ውል እድሳት ሲደርስ ስልካችን ላይ የሚደጋገመው ጥያቄ አንድ ነው። «መኪናዋ እኮ አሮጌ ናት፤ ከቤትም ብዙ አትወጣም። ግምቷን ዝቅ አድርጉልኝና አረቦኑ (የመድን ክፍያው) ይቅለለኝ።» ጥያቄው ይገባናል። በወር ሁለቴ ለምትንቀሳቀስ መኪና፣ በየቀኑ ሥራ ለምትመላለሰዋ የሚከፈለውን ያህል መክፈል ያናድዳል። ግን ግምት ማሳነስ ያለቦታው መቆጠብ ነው። አረቦኑን የሚያወርዱ ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም ለእነሱ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናዘዝ። እኛ የመድን ደላሎች ነን። አረቦኑ በጨመረ ቁጥር ኮሚሽናችንም ይጨምራል። ስለዚህ «ግምቱን አታሳንሱ» ስንል ብትጠረጥሩን አንቀየምም። ስሌቱን አይታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

መኪናችሁ 100 ታወጣለች እንበል፤ እናንተ ግን በ60 አስመዘገባችኋት። ብዙ ሰው «ቢበዛ 60 ነው የማገኘው፣ ይበቃኛል» ይላል። ሙሉ በሙሉ ከጠፋች ልክ ነው። ጉዱ የሚመጣው ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን ነው። ብዙ ውሎች ውስጥ፣ ከዋጋ በታች ለተመዘገበ ንብረት ካሳው በዚያው ልክ እንዲቀነስ የሚያደርግ አንቀጽ አለ። ለመጠገን 20 የሚፈጅ ግጭት ቢደርስ ኩባንያው የሚሰጣችሁ የ20ውን 60 በመቶ፣ ማለትም 12 ነው። 8ቱ ከኪሳችሁ ይወጣል። በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ካሳ የሚቀነሰው የራሳችሁ ድርሻ አለ። በአረቦን ያተረፋችሁትን አንድ የተጣመመ በር ይበላዋል።

የተለመደው ሙሉ ሽፋን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መኪናን የሚያያት እያደር ዋጋዋ እንደሚወርድ ዕቃ ነው። «አደጋው ከመድረሱ በፊት ገበያ ላይ ስንት ታወጣ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አይከፍልም። ለ7 ዓመት መኪና ይህ ያስኬዳል። የ40 ዓመቷ ላይ ግን ገማቹ የዋጋ ሠንጠረዡን ሲያገላብጥ እሷ የለችበትም፤ ካለችም ከታች ነው የምትገኘው። ቴስታታዋ መታደሱን፣ ላሜራዋ ያለ ስቱኮ መሠራቱን፣ ካርቡራቶሯ አብሯት የተወለደው መሆኑን ሠንጠረዡ አያውቅም። ቀጥሎ የሚመጣው የባሰ ነው። የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ የተወሰነ ድርሻ ካለፈ፣ ኩባንያው «ጠቅላላ ውድመት» ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ዋጋዋ ዝቅ ብሎ የተገመተች መኪና እዚህ ለመድረስ አንድ በርና አንድ ፓራፋንጎ ይበቃታል። በጥቂት ሳምንት ተጠግና መንገድ ላይ መውጣት የምትችል መኪና ቅሪት ተብላ ትወሰዳለች።

ለዚህ ነው «የስምምነት ዋጋ» ያለበት ውል እንድትጠይቁ የምንወተውተው። ዋጋው ውሉ ሲፈረም በገማች ታይቶ ይወሰናል፤ መኪናዋ ብትጠፋ ወይም ብትወድም የሚከፈለው ያው ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ክርክር የለም። ስትፈርሙ አንድ ተጨማሪ ሐረግ ፈልጉ፦ ቅሪቷን በቅናሽ መልሳችሁ የመግዛት መብት። ለመኪናዋ ፍቅር ያለው ሰው ይህን ሐረግ የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው።

ይህ ውል ውድ ይመስላል አይደል? ብዙውን ጊዜ ግን ከተለመደው ሙሉ ሽፋን ይረክሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኩባንያው የሚፈራው ዕድሜዋን ሳይሆን መንገድ ላይ የምታሳልፈውን ሰዓት ነው። በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ብቻ የምትሄድ፣ ሌሊቱን በተቆለፈ ጋራዥ የምታድር፣ ባለቤቷ ለየቀኑ ሥራ ሌላ መኪና ያለው ከሆነ፣ የመጋጨትም የመሰረቅም ዕድሏ ያንሳል። ስለዚህ አረቦኑን የሚያወርደው የኪሎሜትር ጣሪያ መቀበላችሁ ነው። ጣሪያውን ግን በእውነት አስቀምጡት። 3,000 ብላችሁ 9,000 ከነዳችሁ፣ ካሳ በምትጠይቁበት ቀን ቁጥሩ ራሱ ይመሰክርባችኋል።

የራሳችሁን ድርሻ ከፍ ማድረግም አረቦኑን ይቀንሳል። ትንሽ ጭረት በመጣ ቁጥር ኩባንያ ጋ የማትሄዱ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። የሚነዱትን ሰዎች መገደብም እንዲሁ። ፈቃድ ገና ትናንት ያወጣው ልጃችሁ ስሙ ከውሉ ቢወጣ ቅር ሊለው ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ይወርዳል። መኪናዋ ለወራት ሳትነዳ ጋራዥ የምትቆም ከሆነ ደግሞ «የቆመች መኪና ሽፋን» የሚባል አለ። እሳትና ስርቆትን ይሸፍናል፣ የመንገዱን ክፍል ይተዋል። በዚህ ሽፋን ላይ ሳላችሁ «እስከ ማዶ ብቻ» ብላችሁ እንዳታስነሷት። የሶስተኛ ወገን መድን ሕግ ስለሆነ በየትኛውም መንገድ ላይ ያለሱ መውጣት አይቻልም።

አሮጌ ሁሉ ክላሲክ እንዳልሆነም በግልጽ እንነጋገር። የጥንት ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን (ፊቫ) ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላትን፣ እንደ ጥንቷ ሆና የተያዘችን፣ ለየቀኑ መጓጓዣ የማትውልን ተሽከርካሪ ነው። ኩባንያዎች የየራሳቸው መስፈርት አላቸው፤ ሐሳቡ ግን ተመሳሳይ ነው። ሞተሯ ተቀይሮ፣ የጥንት መልኳ ጠፍቶ፣ ጠዋት ማታ የምትሠራ የ32 ዓመት መኪና ካለቻችሁ ለእሷ በስምምነት ዋጋ የሚገባውን የክላሲክ ውል አንፈልግላችሁም። ዋጋዋ ትንሽ ከሆነ ሶስተኛ ወገን ከእሳትና ስርቆት ጋር ይበቃታል። ይህን ስንል ኮሚሽናችን ይቀንሳል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

የመለዋወጫ ነገርም ዋጋው ላይ ይገባል። ቮልስ ከ1938 እስከ 2003 ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ ፓራፋንጎዋን ማግኘት ችግር አይደለም። ከ1954 እስከ 1957 የተሠራችው፣ በሯ ወደ ላይ እንደ ክንፍ የምትከፈተው መርሴዲስ 300 ኤስኤል ግን 1,400 ብቻ ናት። የመሐሉ ሁሉ በእነዚህ ሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል። እድሳት ላይ ያለ መኪና ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ከመኪናዋ ተፈትቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ በብዙ ውሎች አይሸፈንም። ዝርዝሩን ስጡንና እናስገባው። በ2 ዓመት አንዴም ግምቷን እናሳድስ፤ ቀለም ተቀብታ ሞተሯ የተሠራ መኪና የአምናዋ አይደለችም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። ለሠርግ በክፍያ ካከራያችኋት የግል ውሉ አይሠራም፤ ቀድማችሁ ንገሩን፣ ለዚያ ቀን ተጨማሪ ሽፋን እንጠይቃለን። ሁለተኛው እሳት ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሸጠው ቤንዚን ኢታኖል የተቀላቀለበት ነው፤ የድሮውን የጎማ ቱቦ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። አንድ ጠብታ የጋለ ሞተር ላይ ስትወድቅ የሚሆነውን እናውቃለን። ኢታኖል የሚችል ቱቦ አስቀይሩ፣ ባትሪውን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥሙ። አንዳንድ ኩባንያ ለዚህ ቅናሽ ያደርጋል፤ ባያደርግም አስገጥሙት።

ውላችሁ ከማለቁ አንድ ወር በፊት እነዚህን ላኩልን፦ ከአራቱም ጎን፣ ከውስጥና ከሞተሯ የተነሱ ፎቶዎች፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብበት ፎቶ፣ የጥገና ደረሰኞች፣ እና የኪሎሜትር ቆጣሪዋ ምስል። ቆጣሪው ባለ 5 አሃዝ ከሆነ 99,999 አልፎ ከዜሮ ስንቴ እንደጀመረ የምታውቁትን ያህል ጻፉልን። ከነጭራሹ የማይሠራ ከሆነም አትፈሩ፣ ከማስጠገናችሁ በፊት ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮው ባልደረቦች