ይድረስ ለአባቴ፦ ከጆሃንስበርግ ወደ ሐዋሳ

ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን የማሳጥረው የምናገረው ነገር ስለበዛብኝ ነውና ቅር እንዳይልዎ።

ሐሙስ ዕለት የላክሁት 45,000 ብር ደርሶ ከሆነ ሚጡ ወይም ባለቤቷ በስልክ ያሳውቁኝ። ከዚያ ውስጥ 15,000ው ለእርስዎ የስኳር መድኃኒትና ለዓይን ምርመራው ነው። የሰርጉ የድንኳንና የወንበር ኪራይ ዕዳ ይቅደም እንደሚሉ አውቃለሁ። እባክዎን አባባ፣ ዕዳውን በሚቀጥለው ወር እኔ እከፍላለሁ፤ ዓይንዎ ግን ወር አይጠብቅም።

እሑድ ግንቦት 25 ቀን እህቴ ሚጡ ስትዳር አልደወልሁም። ከዚያ በፊት ለአራት ቀን፣ ከዚያም በኋላ ለሦስት ቀን ስልኬ ዝግ ነበር። እናቴ ለገብርኤል መሳሏን፣ እርስዎም ሌሊት እየተነሡ በረንዳ ላይ ይቀመጡ እንደነበር፣ ጎረቤትም «ወንድሟ ረስቷታል» ማለቱን ሁሉንም ሰምቻለሁ። አልረሳኋትም። በሩን ይዤ ሚዜዎቹ ሽቶ እየረጩ እስኪለምኑኝ ድረስ ደጅ የማቆማቸው እኔ እንደምሆን ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ቃል ገብቼላት ነበር። በሩን የያዘው የአጎቴ ልጅ መሆኑን በፎቶው ላይ ያየሁ ዕለት ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደተጋደምሁ ነጋ።

ስልኬን የዘጋሁበትን ምክንያት እስከ ዛሬ «ኔትወርክ ነው» ብያችሁ ነበር፤ እውነቱን ለእርስዎ ልንገርዎ። የዚህ አገር አጠቃላይ ምርጫ ግንቦት 21 ቀን ተደረገ። በዘመቻው ወራት አንዳንድ ፓርቲዎች የውጭ ዜጎችን ማስወጣትን ዋና መፈክራቸው አድርገውት ነበርና እኛ ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሠፈር ሱቅ ያለው አበሻ ሁሉ ሰግቶ ነበር። በነሐሴ 2011 መጨረሻ በዚህ ከተማ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ እኔ ከመጣሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ያኔም አልነገርኋችሁም። ስለዚህ የሱቁ ባለቤት የምርጫው ዕለት ማታ ዘግተን ዕቃውን እንድናሸሽና ውጤቱ እስኪለይ ድረስ የእኛ ሰው ተሰብስቦ በሚነግድበት በጄፒ ጎዳና እንድናድር አደረገ። በአንድ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሆነን ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተን እንተኛ ነበር። በዚያ ሁኔታ ብደውል፣ ሙሽራዋ «ፊትህን አሳየኝ» ብትለኝ፣ ድምፄም ዓይኔም እንደሚያሳብቅብኝ ስላወቅሁ ዘጋሁት። ማንም አልነካኝም፣ አንድ ብስኩት እንኳ አልጠፋብንም፤ እናቴ ይህን ክፍል ባትሰማው ደስ ይለኛል።

ነገር ግን አባባ፣ ፍርሃቴ በሙሉ ከዚህ አገር የመጣ አልነበረም። ከእነዚያ ዐሥራ ሁለት ሰዎች መካከል «ምርጫው ያልፋል፣ ችግሩ ውጤቱ ነው» እያልሁ እንቅልፍ የነሣኋቸው እኔ ነበርሁ፤ ይህንንም የተማርሁት የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእኛ ቤት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ገና ጎሕ ሳይቀድ ነጭ ሸሚዝዎን ለብሰው ለምርጫው ወጡ። እኩለ ቀን ላይ ከእናቴ ጋር ቆሎና ውኃ ይዘን ስንመጣ ሰልፉ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ ነበር፤ እርስዎም አንሥተው ትከሻዎ ላይ አስቀመጡኝና የሰልፉን ጫፍ አሳዩኝ። ማታ የጣትዎን ቀለም በሳሙና ላስለቅቅልዎ ስታገል «ተወው ልጄ፣ ይቆይ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በሰኔና በጥቅምት በነበረው ግጭት 193 ሲቪሎች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ማረጋገጡን ያነበብሁት አድጌ ነው፤ በልጅነቴ ያየሁት ግን የሬዲዮኑን ድምፅ ዝቅ አድርገው ጆሮዎን ወደ እርሱ አስጠግተው ሲያዳምጡ፣ ሰው ሲያንኳኳም ሲዘጉት ብቻ ነበር። ውጤት የሚነገርበት ቀን በር የሚዘጋበት ቀን መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

እዚህ የሆነውን ልንገርዎ። ከሱቃችን ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ፤ በዚህ አገር ቋንቋ ሁላችንም «ጎጎ»፣ አያቴ፣ እንላቸዋለን። ሚያዝያ 19 ቀን 1986 ዓ.ም. ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ በሰጡበት ምርጫ የ41 ዓመት ሴት ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ በተወለዱበት አገር ምርጫ አይመለከታቸውም ነበር። በግንቦት 21ዱ ምርጫ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው በጠዋት ሄዱና ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሱቃችን ጎራ ብለው ዳቦ ገዙ። በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ሳንቲሙን ሲያቀብሉኝ የግራ አውራ ጣታቸውን አየሁት፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥፍሩ ወርዶ ቆዳው ላይ አንድ መሥመር አስምሮ ነበር። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኋቸውም፤ እርሳቸው ግን «አባትህ አገር ቤት ማንን ይመርጣል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጥቼ የዳቦውን ፌስታል ሁለት ጊዜ ቋጠርሁት።

ግንቦት 25 ቀን ማታ፣ እናንተ ሙሽሮቹን ሸኝታችሁ ድንኳን ውስጥ በምትቀመጡበት ሰዓት፣ ውጤቱ ታወጀ። ማንዴላን ለፕሬዚዳንትነት ያበቃው ኤኤንሲ፣ በ1986ቱ ምርጫ ከ62 ከመቶ በላይ ያገኘውና ለ30 ዓመት ብቻውን አብላጫ ይዞ የኖረው ፓርቲ፣ 40.18 ከመቶ ብቻ አገኘ፤ ከ400 የምክር ቤት መቀመጫዎችም 159ኙን ያዘ። ፕሬዚዳንት ራማፎሳ እዚያው አዳራሽ ተቀምጠው አዳምጠው ሲያበቁ ተነሥተው «ወደድንም ጠላንም ሕዝቡ ተናግሯል» አሉ። እኛ ክፍል ውስጥ ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም የተኩስ ድምፅ እናዳምጥ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሰማነው የታክሲ ጡሩምባ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰው ወደ ሥራው ሄደ፤ እኛም ወደ ሱቃችን ተመለስን፤ ጎጎም ዳቦ ሊገዙ መጡ።

ሁሉም በጀ ማለቴ አይደለም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዙማ የሚመሩት ፓርቲ ውጤቱን አልቀበልም ብሎ ነበር፤ የሄደው ግን ወደ ፍርድ ቤት ነው። ከሦስት ሥራ ፈላጊ አንዱ ሥራ በማያገኝበት አገር ከተመዘገበው መራጭ ድምፅ የሰጠው 58 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የጎጎ የልጅ ልጅም ጭራሽ አልተመዘገበም፤ እርሳቸው ይህን ሲነግሩኝ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢሆንም ትናንት ማታ አዲሱ ምክር ቤት በኬፕ ታውን ተሰብስቦ ተመራጮቹ በየስማቸው እየተጠሩ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ሲከቱ እስከ ሌሊት በስልኬ ተከታተልሁ። ራማፎሳ በተቀናቃኞቻቸው ድጋፍ ጭምር 283 ድምፅ አግኝተው ተመረጡ። የተሸነፈ ሰው ካሸነፈው ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሲያመሽ ሳይ፣ አባባ፣ አለቀስሁ። ለዚህ አገር ብዬ አልነበረም። ፍርሃቴ የእህቴን ሰርግ እንዳሳጣኝ፣ እርስዎም ያንን ሬዲዮ ዝቅ አድርገው ስንት ዓመት እንደኖሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እኔ 25 ዓመት ሞልቶኝ አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። በሐዋሳ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ወጥቼ ነበር፤ በሰኔ 14ቱ የ2013 ምርጫም እዚሁ ነበርሁ። መሄዴን እንደ መክዳት የሚያዩት ከሆነ አልከራከርዎትም፤ ግን የሄድሁት አገሬን ጠልቼ አልነበረም፣ ያንንም እርስዎ ያውቃሉ። ሰሞኑን ከሁሉ የናፈቀኝ ጠዋት ከአሞራ ገደል ዓሣ ይዘን በሐይቁ ዳር ስንመለስ ከጎንዎ መራመድ ነው፤ በእንቅልፌ እንኳ የውኃው ሽታ ይመጣብኛል።

ሚጡን ንገሩልኝ፦ ይቅርታዋን በስልክ አልጠይቃትም፣ መጥቼ በሯ ላይ ቆሜ እጠይቃታለሁ። የ2018 ምርጫ ሲደርስ ከባለቤቷ ጋር እንዲመዘገቡ እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ ይህን ለማለት አፌ አይደፍርም። ዓይንዎ ከተሻለ ደግሞ አብረዋቸው ይሂዱ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የ1997ቱን የምርጫ ካርድዎን በዳዊትዎ ገጾች መካከል አስቀምጠውት ነበር፤ እስከ አሁን ካለ ሚጡ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ። ለጎጎ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

እናቴን እጇን ሳሙልኝ።

የሚወድዎ ልጅዎ