ለአንድ ዓመት ኮሌጅ አልገባም ያለ ልጅ ላላት እናት

ውድ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ የወጣውን የአንዲት እናት ደብዳቤ አንብቤ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ልጇ ሃይስኩል ጨርሶ «አንድ ዓመት ልሥራ፣ ከዚያ ራሴ የመረጥኩት ኮሌጅ እገባለሁ» ብሏታል። እሷ ደግሞ ዓመቱን ሊያቃጥል ነው፣ ከእኩዮቹ ሊቀር ነው ብላ ተጨንቃለች። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ እንደሷ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በእናንተ በኩል ለእሷ ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ የእኔን ቤት ልንገርሽ። ልጄ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ነበር። ማኅበር ላይም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ግቢ «የት ገባች?» ሲሉኝ ስሙን ለመጥራት ተዘጋጅቼ ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ «እማዬ ደክሞኛል፣ ለምን እንደምማርም አላውቅም» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «አልማርም» ብቻ ነው። ጮህኩባት። ሁለት ሥራ የምሠራው ለምን እንደሆነ ነገርኳት፣ እሷም አለቀሰች፣ አባቷም ምግቡን ትቶ ተነሳ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ።

ያስታረቀን የአባቴ ነገር ነው፣ ነፍሱን ይማርና። አባቴ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። ያኔ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይሉታል፤ በ1957 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ አብዮቱ ዘልቋል። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። አባቴ በ1962 ጎጃም፣ ሞጣ ደረሰው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቹን ስም በመስመር ወረቀት ጽፎ ነበር፤ ያቺን ወረቀት እስኪሞት ድረስ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጧታል። 63 ስም አለባት። ከአንዳንዱ ስም ጎን በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ አለ። «ሁለት ሰዓት በእግር ይመጣል።» «ዓይኑን ያመዋል፣ ፊት ይቀመጥ።» አባቴ በኋላ ተመርቆ ባንክ ሥራ አገኘ፤ ግን ትቶት መምህር ሆነ። በቤታችን ያንን የሞጣ ዓመት «ባከነ» ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ስለ አባቴ ስንናገር መጀመሪያ የምናነሳው እሱን ነው።

ወረቀቷን ከሻንጣ ሳወጣት ልጄ አብራኝ ነበረች። ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ አነበብንላት፤ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል። ከዚያ በኋላ እምቢ ለማለት አፍ አጣሁ።

ግን እህቴ፣ «ዓመት ልረፍ» እና «ዓመት ልሥራ» አንድ አይደሉም። እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት የምትነሺበት ሰዓትና የሚጠብቅሽ ሰው ይኑር አልኳት። የገባችው ዋሽንግተን ኮንሰርቬሽን ኮር የሚባል፣ እኛ የምንኖርበት የዋሽንግተን ስቴት ፕሮግራም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመ ነው፤ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ይቀበላል፣ አሜሪኮር ከሚባለው የፌዴራል መንግሥቱ የአገልግሎት ፕሮግራም ጋርም ይሠራል። 1,700 ሰዓት አገለገለች። ደመወዙ ብዙ አይደለም፤ ግን ስትጨርስ ለትምህርት የሚውል 7,395 ዶላር አገኘች። (ይህ ገንዘብ ታክስ አለበት፣ ልብ በይ። ለመጠቀም ግን ሰባት ዓመት ይሰጡሻል።)

ሥራው ምን መሰለሽ? ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ መመንጠርና ዛፍ መትከል ነው። ብላክቤሪ የሚሉት እሾሃም ሐረግ እዚህ አገር ወንዝ ዳሩን ሁሉ ወርሶታል። እጇ ተቦጫጭሮ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው የምትመጣው። አንድ ማታ ክንድ የሚያህል እርጥብ ዘንግ ይዛ መጣችና ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁማ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ሥርም ቅጠልም የለው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት። በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ አልገባኝም። በሁለት ሳምንት ነጭ ሥር አወጣ፣ ቅጠሉም ብቅ አለ። ያኔ ለየሁት። አኻያ ነው! አያቴ ቤት ወንዙ ዳር የነበረው አኻያ። በእኛ ልጅነት ከሥሩ እንቀመጥ ነበር። ዘንጉን ቆርጠው እንዲሁ መሬት ውስጥ ይቸክሉታል፣ እሱም ይበቅላል። ዛፉ ሲያድግ ውሃው ላይ ጥላ ይጥላል፣ ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ ሳልመን ዓሣ ደግሞ ውሃ ከሞቀበት ይሞታል። ይህን ሁሉ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነገረችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ስልካት ስለተማረችው ነገር እንዲህ ስታወራኝ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይመጣ ጀመር። ዓሣው የማን ነው? የወንዙን ውሃ ማን ይከፋፍላል? የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ምን መብት አላቸው? እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ቦልት የሚባል፣ ነባሮቹ ጎሳዎች ከመንግሥት ጋር በገቡት ቃል ኪዳን መሠረት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ድርሻ አላቸው ብሎ ፈርዶላቸዋል። ለዚያ መብት ዕድሜውን ሙሉ የታገለው የኒስኳሊ ጎሳው ቢሊ ፍራንክ በልጅነቱ ዓሣ ሲያጠምድ ነው መታሰር የጀመረው። ልጄ ይህን ሁሉ አንብባ ለኮሌጅ የምትፈልገው ነገር ታወቃት። ስለ ወንዝም፣ ስለ አፈርም፣ ስለ ሕግም በአንድ ላይ መማር ፈለገች። የተቀበላት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን በሦስት ዲፓርትመንት ከፋፍሎ ነው የሚያስተምረው፤ አንዱን ምረጪ ነው የሚላት።

እሷ የመረጠችው ኦሎምፒያ ያለውን ኤቨርግሪን ስቴት ኮሌጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር የጀመረ የስቴቱ የመንግሥት ኮሌጅ ነው፤ የስቴቱ ነዋሪ ስለሆንን ክፍያውም ይቀለናል። ጫካ ውስጥ ነው፣ ወደ 1,000 ኤከር መሬት አለው፣ እስከ ባሕሩ ይደርሳል። የራሱ እርሻም አለው። ትንሹ ወንድሟን ደስ ያሰኘው ግን ራፐሩ ማክለሞር እዚያ መመረቁ ነው።

እዚያ ማጆር፣ ማለትም ተማሪው የሚመርጠው አንድ ዋና የትምህርት ዘርፍ፣ የሚባል ነገር የለም። ኤ እና ቢ የሚባል ግሬድም የለም። ተማሪው በአንድ ጊዜ አራት አምስት ኮርስ አይዝም፤ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ከተለያየ ሙያ የመጡ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን አብረው ያስተምሩታል። በኋላ ደግሞ ተማሪው የራሱን ትምህርት ራሱ ነድፎ ከመምህር ጋር ኮንትራት መፈራረም ይችላል። እኔ ይህን ስሰማ «ታዲያ ማን ይቆጣጠራቸዋል?» ነው ያልኩት። ጓደኞቼም «ግሬድ ከሌለ ምኑን ተማረች?» አሉኝ።

መልሱን ያገኘሁት ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያው ኳርተር ሲያልቅ መምህሯ ስለ ሥራዋ የጻፈላትን አነበበችልኝ። አንድ ሙሉ ገጽ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፏ ማስረጃ እንደሚጎድለው፣ ሦስት ጊዜ መልሳ እንደጻፈችው፣ ውይይት ላይ መጀመሪያ ዝም ትል እንደነበርና ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ሌሎቹ እሷን እየጠበቁ መናገር እንደጀመሩ፣ ስታትስቲክስ ላይ ግን አሁንም ድካም እንዳለባት ጽፏል። እሷም ስለ ራሷ መጻፍ ግዴታዋ ነው፤ የት እንደሰነፈች ራሷ ጽፋለች። እህቴ፣ ልጄን እንዲህ አድርጎ ያያት መምህር ከዚህ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም። ኤ ያገኘችባቸው ወረቀቶች ሁሉ ሣጥን ሙሉ አሉኝ፤ አንዱም ይህን አልነገረኝም። አባቴ ከተማሪዎቹ ስም ጎን የጻፈው ትዝ አለኝ።

ቀላል ነው የሚለውን ደግሞ ተዪው። ዘንድሮ ኮንትራት ልጻፍ ብላ ስለ አንድ ወንዝ ሁሉንም ነገር ላጥና የሚል ወረቀት ይዛ ሄደች። መምህሯ አልፈረመችላትም። በሳምንት ስንት ሰዓት? የትኛውን መጽሐፍ? ውሃውን በምን ትለኪዋለሽ? መጨረሻ ላይ ምን ታስረክቢኛለሽ? ብላ መለሰቻት። አራት ጊዜ ጻፈችው። የሚያዝሽ ሰው ሲጠፋ ራስን ማዘዝ እንዴት እንደሚከብድ ያየሁት ያኔ ነው። ያን የወንዝ ዳር ዓመት ባትሠራ ኖሮ በሁለተኛው ወር ትታው ትመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። በዝናብ ተነስቶ ከቡድን ጋር መሥራት የለመደ ልጅና ከሃይስኩል ቀጥታ የመጣ ልጅ እዚያ እኩል አይጀምሩም።

የሚያሳስበኝንም ልንገርሽ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ልጅሽ ነርስ ወይም ኢንጂነር ልሁን የሚል ከሆነ የሚፈለጉበት ኮርሶች የታወቁ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ኮሌጅ መንገዱን ያረዝምበታል። ግሬድ የሌለው ትራንስክሪፕት ማስተርስ ሲያመለክቱ አንባቢ ይፈልጋል፤ ገጹ ብዙ ነው። ደግሞ የኮሌጁን ገንዘብ ጠይቂ። ከእነዚህ ትንንሽ አማራጭ ኮሌጆች የተዘጉ አሉ፤ ቨርሞንት የነበረው ማርልቦሮ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ጎዳርድ ደግሞ በ2024 ተዘግተዋል። ማሳቹሴትስ ያለው ሃምፕሻየር በ2019 ገንዘብ አጥሮት፣ ለዚያ መኸር የተቀበለው ቀድሞ ቃል የገባላቸውንና ዓመት ወስደው የቆዩትን ጥቂት ልጆች ብቻ ነበር። ኤቨርግሪንም እ.ኤ.አ. በ2017 ግቢው ውስጥ በዘር ጉዳይ ከተነሳው የተማሪዎች ረብሻ በኋላ ተማሪ በጣም ቀንሶበት ነበር። የእኛ የመንግሥት መሆኑ ትንሽ አሳርፎኛል። ስኮላርሺፕ ካለው ደግሞ ዓመቱን ከመውሰዱ በፊት ይቆይለት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። እኛ በስልክ ብቻ ጠይቀን አንዱን አጥተናል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የሰው አፍ ግን አያስጨንቅሽ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ «የት ገባች?» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የመለስኩት። ለዚህ ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አሁን ሲጠይቁኝ የኮሌጁን ስም እነግርና የምትሠራውንም እጨምራለሁ። «ወንዝ ላይ ነው የምትሠራው፣ አኻያ ትተክላለች» እላለሁ። ትልልቆቹ ሰዎች አኻያ ሲሉ ፊታቸው ይፈታል፤ የየራሳቸውን ወንዝ ያወሩኛል።

ከእኔ ቤት ኦሎምፒያ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ልጅሽን ይዘሽ ነይና አብረን እንሂድ፤ ግቢውን እሷ ታሳያችኋለች፣ ወንድ ልጅሽም እኛ በሌለንበት ከእሷ ጋር ያውራ። ጭቃ ነው፣ የማታዝኑለት ጫማ አድርጉ። ምሳ እኔ እቋጥራለሁ። ስልኬ አዘጋጆቹ ዘንድ አለ፣ እንዲሰጡሽ ነግሬያቸዋለሁ።

አንዲት እናት፣ ከረንተን፣ ዋሽንግተን ስቴት