የኮሮሊቭካው ቤት ጉዳይ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ይህን ያህል ዘመን ዝም ማለቴን ይቅር በለኝ፤ የቀረውን ስንገናኝ ትወቅሰኛለህ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ዕንቅልፍ የነሣኝ ነገር ነው።

የአማቴ ቤት ግድግዳ ተሰንጥቋል። በተማሪነታችን ከዋሻው ጭቃ ለብሰን ስንመለስ ልብሳችንን በምድጃው ዙሪያ ያደረቁልን፣ ያ ዩክሬን ውስጥ ኮሮሊቭካ መንደር ያለው ቤት። ስንጥቁ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ እስከ መሠረቱ ይወርዳል። በጸደይ በላዩ ላይ ጄሶ ለጥፌ ቀኑን ጽፌበት ነበር፤ ሰሞኑን ሄጄ ሳየው ጄሶው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ አገኘሁት። በጓሮው ከፖም ዛፉ አጠገብም መሬቱ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። የጣሪያው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፤ ዶፍ ዘንቦ ያደረ ቀን እንኳ ጠዋት ጠብታ አይገኝበትም።

ከዚያ ሥር ምን እንዳለ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። የልቪቭ ከተማ ዋሻ አሳሾች ያን ዋሻችንን፣ ኦፕቲሚስቲችናን፣ በፈረንጆቹ 1966 ካገኙት ወዲህ የለኩት መተላለፊያ ከ 260 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ይህ ሁሉ የተጠላለፈው ውፍረቱ 30 ሜትር በማይሞላ፣ ጂፕሰም በሚባለው ለስላሳ ድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ንጣፉ ደግሞ ዋሻው ካለቀበትም አልፎ ይቀጥላል። አንድ ሊትር ውሃ ከ 2 ግራም በላይ ጂፕሰም እንደሚያሟሟ፣ የሶፍ ዑመር የኖራ ድንጋይ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ እንደማይሰጥ ሌሊቱን ሙሉ ያስረዳኸኝ አንተ ነበርክ። (በማግስቱ ጠባቡ መሿለኪያ ላይ ስንደርስ «ይብቃን፣ እንመለስ» ያልከውም አንተው ነህ፤ አልረሳሁትም።)

ችግሩ አማቴ «ከቤቴ አልወጣም» ማለታቸው ነው። ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው ጦር ግንባር ናቸው፤ «ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃቸው?» ይሉናል። ባለቤቴ ታለቅሳለች፤ እኔም መልስ አጣለሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንተ ልንገርህ፤ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ በሚጮህበት ተርኖፒል ከተማ ፎቅ ላይ አውጥቶ ማስቀመጥ እሳቸውን ከአደጋ ማራቅ መሆኑን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ አብሬ የላክሁልህን ፎቶግራፎች በደንብ አይተህ፣ የጣሪያውን ውሃ በቧንቧ ከቤቱ ማራቅ ለጊዜው ይበቃ እንደሆነ፣ ወይም ዛሬ ነገ ሳይባል መውጣት ያለባቸው እንደሆነ ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ሌላም አለ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ይህን መለመን ቢከብደኝም፣ እባክህ አንተው ራስህ ደውልላቸው። እስከ ዛሬ «ያ ረጅሙ ልጅ እንዴት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኛ ስንነግራቸው የልጅ ጭንቀት የሚመስላቸውን ነገር ከአንተ ሲሰሙት ይቀበሉት ይሆናል። ቋንቋው ቢጠፋብህም በተሰባበረው ተናገር፤ ይገባቸዋል። በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ውሃ መጠጣት ይጀምራልና፣ አደራህን፣ ከዚያ በፊት ይሁን።

ወንድምህ