ባዶዋን ሳጥን ባዶ ለተዋችሁልን

ይድረስ በአራዳና በልደታ ለምትገኙ የቲቢ ሕክምና ደጋፊዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በሙሉ፤

የዚህ ዙር ታካሚዎቻችን መድኃኒታቸውን ጨርሰዋል። መጀመሪያ አራቱን መድኃኒቶች የያዘው ኪኒን ለ2 ወር፣ ቀጥሎ ሁለቱን የያዘው ለ4 ወር፤ በቀን ሲቆጠር 56 እና 112፣ በድምሩ 168 ቀን። ለሁሉም ቀን እናመሰግናለን። ከሁሉ በላይ ግን ለየቀኑ አንድ ሳጥን ባለው የሕክምና ካርድ ላይ፣ ታካሚው ያልዋጠበትን ቀን ሳጥን ባዶ ለተዋችሁ።

«ቤቴ ውጫለሁ» ሲባል ምልክት አድርጎ መሸኘት ቀላል ነበር። እናንተ ውሃ አቀብላችሁ፣ ሲውጥ አይታችሁ ነው የሞላችሁት። በ2ኛው ወር ወይም በ5ኛው አክታ ውስጥ ባክቴሪያው ከታየ፣ ኪኒኑ ሳይዋጥ ቀርቶ ነው ወይስ በሽታው መድኃኒት ተላምዶ? ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ካርድ ነው። በይሉኝታ የተሞላ ሳጥን እዚህ ላይ ጉድ ያፈላል።

ኪኒን ለቆጠራችሁም ምስጋና ይድረሳችሁ። በቀን 4 ፍሬ የሚውጥ ሰው በሳምንት 28 ይጨርሳል፤ 8 ከተረፈው 2 ቀን ዘሏል ማለት ነው። (የዘለለውን በማግስቱ ደርቦ አይውጥ፤ መጨረሻ ላይ ይጨመርለታል።) የሽንት መቅላት ያው ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው የሪፋምፒሲን ሥራ ነው፤ ስለ ትናንትና ዛሬ እንጂ ስላለፈው ሳምንት አይመሰክርም።

ብዙው ሰው የሚያቋርጠው ሲሻለው ነው። ሳሉ ይቆማል፣ ምግብ ይስማማዋል፣ «ድኛለሁ» ይላል፤ ያደፈጡት ባክቴሪያዎች ግን ገና አልሞቱም። ጠዋት መዋጥ ጾም ያስገድፋል ብለው ያመነቱትን ከንስሐ አባታቸው ጋር ያነጋገራችሁ፣ በረመዳን ሰዓቱን ወደ ሱሑር ያዞራችሁ፣ ጸበል የሚሄዱትን ኪኒናቸውን ያስያዛችሁ፣ ይህን እኛ ከጠረጴዛ ጀርባ ሆነን አንችለውም ነበር።

ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ለሄዱት የዝውውር ወረቀት መስጠት ብቻውን አይበቃም። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ የሚቀር አለ። አዲሱ ጤና ጣቢያ መመዝገቡን ደውላችሁ አረጋግጣችኋል።

መድኃኒቱ ጎድቶት ይሆናል ብላችሁ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነበትን ወይም እይታው የደበዘዘበትን ለነገ ሳትሉ ላካችሁልን። ኪሎ በየወሩ መመዘንም እንዲሁ፤ ከ54 ወደ 55 የጨመረ አዋቂ ከ3 ፍሬ ወደ 4 ይሸጋገራል።

አዲሶቹ ካርዶች ተዘጋጅተዋል። በእርሳስ አትሙሏቸው፣ ይጠፋል። እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው።

የቲቢ ክፍል ባልደረቦች፣ አዲስ አበባ