ዘውድ የደፋው ዱቄትና የተረሳው ገበታ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የጤና ዓምዳችሁን ሳያነቡ ከማያልፉ ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ቅሬታዬም ከዚሁ የመጣ ነው። በቅርብ ወራት ብቻ ቺያ ልብን እንደሚጠብቅ፣ እርድ የመገጣጠሚያ ሕመምን እንደሚያሽር፣ ብሉቤሪ አእምሮን እንደሚያድስ አስነብባችሁናል። በየሳምንቱ አንድ «ሱፐርፉድ»፣ ማለትም ከሌላው ሁሉ በላይ ለጤና ይበጃል የሚባል ምግብ፣ ዘውድ ይደፋል፤ በሳምንቱ ሌላው ይተካዋል። አንባቢው የቀረውን ቀን ምን ሲበላ እንደሚውል የጠየቀ ጽሑፍ ግን አላየሁም።

ነገሩ ቤቴ ድረስ ገብቷል። ታላቅ እህቴ የደም ግፊት አለባት፤ ዓምዳችሁንም እየቆረጠች ታስቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ትጠጣለች፤ ምሳ ሲቀርብ ደግሞ ገና ሳትቀምስ ጨው ትነሰንሳለች። ስናገራት «ዱቄቴን ጠጥቼ የለም እንዴ?» ትለኛለች። ዱቄቱን እንደ ይለፍ ወረቀት ይዛዋለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። የዓለም ሕዝብ በአማካይ የሚወስደው ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት፣ በ2017 በዓለም ላይ ከደረሱት ሞቶች ወደ 11 ሚሊዮን የሚሆኑትን ከአመጋገብ ጉድለት ጋር አያይዟል። ከፊት የተሰለፉት ጨው ማብዛት፣ ያልተፈተገ እህልና ፍራፍሬ ማሳነስ ናቸው። አረንጓዴ ዱቄት አለመጠጣት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አንዱን ንጥረ ነገር ነጥሎ ማንገሥ የት እንደሚያደርስ ያስተማረን የቤታ ካሮቲን ታሪክ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ታየ። ተመራማሪዎችም ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ይሆናል ምስጢሩ ብለው ጠረጠሩ፤ እኔም ብሆን ያንኑ እጠረጥር ነበር። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገና ገሚሶቹ ንጥረ ነገሩን በእንክብል ወሰዱ። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ እንክብሉን በወሰዱት ዘንድ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ተመሳሳይ ሙከራም ጉዳቱ ስለታየ በ1996 መጀመሪያ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ካሮት ምን አጠፋ? ካሮት የሚበላ ሰው አሰሩንም ውሃውንም ሌሎቹን በርካታ ንጥረ ነገሮችም አብሮ ይወስዳል፤ ካሮቱ ሳህኑ ላይ የያዘው ቦታም ሌላ ምግብ ያስለቅቃል። እንክብል ምንም አያስለቅቅም።

ተቃራኒውን ማየት ለፈለገ በ1997 ይፋ የሆነው ዳሽ የተባለው ጥናት አለ። 459 አዋቂዎች ለስምንት ሳምንታት በሦስት የአመጋገብ ዓይነት ተመደቡ። የጨዋቸው መጠንና ክብደታቸው እንዳይለወጥ ተደረገ። ፍራፍሬ፣ አትክልትና ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ ጨምረው ጮማውን ከቀነሱት መካከል የደም ግፊት የነበረባቸው፣ የላይኛው ቁጥራቸው ከተለመደው አመጋገብ ጋር ሲነጻጸር በ11 ነጥብ ያህል ወረደ። ፍራፍሬና አትክልት ብቻ በተጨመረላቸው ዘንድ ለውጡ አነስተኛ ነበር። ኮከብ የሆነ ምግብ አልነበረም፤ የሠራው ድምሩ ነው።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትም ምግቦችን በአንቲኦክሲዳንት (ሕዋሳትን ከጉዳት ይከላከላሉ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች) አቅማቸው የሚደረድረውን ሰንጠረዥ በ2012 ከድረ ገጹ አንሥቷል፤ ነጋዴዎች ያለ አግባቡ ይጠቀሙበት ስለነበር። በሙከራ ብልቃጥ ውስጥ የተለካው በሰው አካል ውስጥ እንደዚያው ይሠራል ማለት አይደለም። ሱፐርፉድ የሚለው ቃል በአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ወዲህ የተፈቀደ የጤና ማብራሪያ ካልተያያዘው ማሸጊያ ላይ አይጻፍም። ጋዜጣ ላይ መጻፍ ግን ማንም አልከለከለም።

ብሉቤሪ አትብሉ አላልኩም፤ ጣፋጭ ነው። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ አንድን ምግብ ስታሞግሱ ጥናቱ በሰው ላይ ይሁን በአይጥ፣ የተወሰደው መጠን ስንት እንደሆነ፣ ምግቡም በምን ፋንታ እንደተበላ አብራችሁ ጻፉልን። እህቴ እንደሆነች ያንንም ቆርጣ ታስቀምጠዋለች።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ