ለአባባ፣ ከባርታ መልስ

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እግርዎ እንዴት ሆነ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ትልቋ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውሮታል፤ «አዲሱ ሲበቅል ለአያቴ አሳዩልኝ» ይላል። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፣ የሚለቅመው ሰው ነው የጠፋው።

እትዬ በስልክ ያለችኝን ሰምቻለሁ። ኋላ እመለስበታለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ቦንጋ ሄጄ ነበር። ለእትዬ «ለሥራ ጉዳይ ነው» ብያት ነበር፤ ይኸው ይህን ስታነብልዎት ታውቃለች፣ ትቆጣኝ። የሄድኩት የባርታን ፏፏቴ ለማየት ነው።

መንገዱን ቢያዩት አያውቁትም። ያ ወገብ የሚሰብር ፒስታ አስፋልት ሆኗል። ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ወንዝ ስንወርድ ሙቀቱ ግን ያው የድሮው ነው። እርስዎ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ የጭነት መኪናዎን ጡሩምባ ይነፉ እንደነበር ለልጆቹ ነገርኳቸው። ትንሹ «ለምን?» አለኝ። እኔም ጠይቄዎት አላውቅም።

ባርታ አልተለወጠም። የእንሰቱን ጓሮ አልፈው ቡናው ይጀምራል፤ ማንም ያልተከለው፣ በዋንዛውና በቢርቢራው ጥላ ሥር በራሱ የበቀለው ቡና። ጫካውን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. እንደመዘገበው የሚመራን ልጅ ነገረን፤ እርስዎ ያን ጊዜ ቤት ሆነው በሬዲዮ የሚሰሙትን እየተከታተሉ «ቡና የካፋ ነው፣ ይኸው አመኑ!» ያሉት ትዝ አለኝ። ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፣ ሥር እየያዝን ወረድን። ፏፏቴው ሳይታይ ጉምጉምታው ደረት ውስጥ ይሰማል። ከዚያ ዛፉ ገለል ሲል ውኃው ከገደሉ ላይ ሲወርድ ድንገት ፊት ለፊት ነው፣ ርጭቱ ፊታችንን አራሰው። ትልቋ ስልኳን አውጥታ ነበር፣ መልሳ ከተተችው። ዝም ብላ ቆመች። ከእኛ ሌላ የሚጎበኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። 1980 ዓ.ም. ነው፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቡናው እስኪጫን ቦንጋ ሁለት ቀን ቆየን። በጭነት መኪናዎ፣ በኤንትሬው፣ ጋቢና ውስጥ አንድ ብር አውጥተው ጀርባው ላይ ያለውን ጢስ ዓባይ አሳዩኝና «ይኼን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ አሁን የማሳይሽን ግን እኔና አንቺ ነን የምናውቀው» አሉኝ። ብሯን ሰጡኝ። እስከ አምስተኛ ክፍል ደብተሬ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ ሁለቱ ነጋዴዎች «አብረን እንውረድ» አሉ።

አባባ፣ ይህን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳልናገር ይዤዋለሁ። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ውኃ ጠማኝ። ከሰል የተሸከመች ልጅ፣ በእኔ ዕድሜ፣ ከእናቷ ጋር ቆማ ነበር። በያዘችው ቅል ቀድታ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። ውኃው ጢስ ጢስ ይላል። ነጋዴዎቹ አዩ። እርስዎም ዞረው አዩ። ከዚያ ጥፊው ነው የሚታወሰኝ፤ ቀጥሎ ቅሉ ድንጋይ ላይ ሲሰበር። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ ስባሪውን አንድ በአንድ ለቀመች።

ማንጃ ከሚባለው የተገለለ ወገን መሆኗን፣ ከማንጃ እጅ እንደማይጠጣ፣ ጉሬዛ ይበላሉ ተብለው ቤት እንደማይገቡ፣ ምግብ ቢሰጣቸው እንኳ በኮባ ቅጠል እንደሆነ፣ ሁሉንም የነገሩኝ ነጋዴዎቹ ናቸው። እርስዎ እስከ ጅማ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጎጀብ ድልድይ ላይም ጡሩምባውን አልነፉም። እማዬ ማታ አፌን በጨው አጠበችኝ።

እርስዎ የሸዋ ሰው ነዎት። ያ ልማድ ከአባትዎ ቤት ይዘውት የመጡት አልነበረም። ደግሞስ ክረምት ላይ መኪናው ጭቃ ይዞት ከሰል አክሳዮቹ ጎጆ እንዳደሩ፣ ማር ቆርጠው እንዳበሉዎት ያጫወቱን ማን ነው? እርስዎ አይደሉም? ያን ማር ሲበሉ ማንም አላየም። እኔ ስጠጣ ግን ጭነት የሚሰጡዎት ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። ጥያቄዬ ይህ ብቻ ነው፤ እነሱ ባይኖሩ ይመቱኝ ነበር?

በዚያ ጭነት እንዳስተማሩኝ አውቃለሁ። ዩኒፎርሜ፣ ደብተሬ፣ ጫማዬ ሁሉ ከዚያ ጎማ የወጣ ነው። አመሰግናለሁ፣ ደግሞም አልረሳውም። ቢሆንም ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ ዕለት ከዳገቱ ላይ አረፍ ብለን ከፔርሙስ ቡና ስንቀዳ እንጨት የተሸከሙ ሦስት ሴቶች ደረሱ። ኑ አልናቸው። ሁለቱ አመስግነው አለፉ። አንዷ፣ ጠና ያለችው፣ ራቅ ብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ልጄ «እማዬ፣ ለምን እዚያ?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ስኒውን ይዛላት ሄደች። ሴትዮዋ ግራ ቀኙን አየች፣ ከዚያ ተቀበለች። እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በዚያው ስኒ ቀድቼ ጠጣሁ። ያቺ ልጅ ትሁን አትሁን አላውቅም፣ ልጠይቃትም አፌ አልታዘዘልኝም። በዕድሜ ግን እኩያዬ ትመስላለች።

ኮሮሪማና ጥምዝ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። የጫካውን ቡናም ጨምሬበታለሁ፤ ቀጠን ተደርጎ ይፈላልዎት። ማሩን አልላክሁም፣ ስኳርዎን ስለማውቅ ነው፣ አይቀየሙኝ። የግፊቱን ኪኒን ከምግብ በኋላ ይዋጡ። ደረጃው ላይ በነጠላ ጫማ አይውረዱ፣ ያን የሚንሸራተተውን እትዬ ትጣልልኝ።

ሌሊት ተነስተው የኤንትሬውን ቁልፍ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። እማዬንም ይጣራሉ አለች። ጠዋት ጠዋት ግን ሻል ይልዎታል አለች፤ እንግዲያው እትዬ፣ ይህን ጠዋት አንብቢላቸው፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ። የሚሉትንም ሳታሳምሪ እንዳሉት ጻፊልኝ። ዝም ካሉም ዝም አሉ ብለሽ ጻፊ።

በገና እመጣለሁ፣ ልጆቹንም ይዤ። አባባ፣ ቁልፉን በጨለማ አይፈልጉት፤ ትርፉ እዚህ ጅማ ነው፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ፣ እርስዎ ራስዎ በሰቀሉበት።

ልጅዎ